ጸሎት በአማት ቤት

እታገኝ ዲላ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አማቷ እንደጠሏት አወቀች። ለምን እንደጠሏት ግን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ራሳቸውም ገና አላወቁትም ነበር። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ፣ ወታደሩ ደመላሽ፣ ጎንደር ጦር ሰፈር ከርሞ፣ ሳያማክራቸው፣ ዘር ማንዘሯን የማያውቋት ቀጭን ሴት ይዞ መጣባቸው። ለጊዜው ይሄ በቂ ነበር።

ለነገሩ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሌላም ሰው አይወዱም። ባላቸው በጃንሆይ ዘመን ኮንጋ ላይ ሰፊ የቡና መሬት የነበራቸው መቶ አለቃ ነበሩ። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ቡናው ለገበሬ ማኅበር ሆነ፤ መቶ አለቃውም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ለሚስታቸው የተረፋቸው ዲላ ከተማ ያለው የጭቃ ቤትና ጓሮው ነው። መሬቴን ቀሙኝ ብለው ጌዴኦዎቹን፣ ባሌን በብስጭት ገደለብኝ ብለው ቀበሌውን፣ ሱቋ ሳይወረስ ቀረላት ብለው ደግሞ አጥር የሚዋሰኗትን ነጋዴ መኪያን ሲረግሙ ይውላሉ። የሚረግሟቸው ሁሉ ግን ከአጥር ውጭ ነበሩ። እታገኝ ስትመጣ እቤት ውስጥ የሚረግሙት ሰው አገኙ።

ደመላሽ ወር እንኳ ሳይደፍን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተጠራ። ጊዜው ሰባ አምስት ዓ.ም. ነው፤ የተጠራ ወታደር ነገ ልምጣ አይልም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እያለ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና፣

«አደራሽን፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አላት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችውም። እታገኝ ቤተ እስራኤል ነበረች። አባቷ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ቄስ ናቸው፤ መስቀል የሚያሳልሙ ቄስ ሳይሆኑ፣ በኦሪት ሥርዓት ሰንበትን የሚያስከብሩ ቄስ። ልጃቸው ከክርስቲያን ወታደር ጋር መሄዷን የሰሙ ቀን ሰው ጠርተው በቁሟ ለቅሶ ተቀመጡላት። ይህን ያወቀችው ደመላሽ ጋ ከገባች በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የላትም።

ዲላ ውስጥ የእሷ የሚባል ጸሎት ቤት የለም። ቄስ የለም፣ ቅዳሜን አብሯት የሚያከብር የለም፣ በዓል መጣ ብሎ የሚነግራት የለም። የቀራት ነገር ቢኖር አባቷ በልጅነቷ፣ ሸክላ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብለው ያስለመዷት ነው። እጅሽን ወደ አንድ ነገር ከመስደድሽ በፊት ቁሚ ይሏት ነበር። ውኃውን ከመጠጣትሽ፣ እሳቱን ከመጫርሽ፣ ዳቦውን ከመቁረስሽ በፊት ልብሽ የት እንዳለ እዪ። ሌላ ቦታ ሄዶ ከሆነ ጥሪው። እስኪመጣ ጠብቂው። ሲመጣ አመስግኚና ሥራሽን ቀጥዪ። ይኸው ነው። ከውጭ ለሚያያት ሰው አንዲት ሴት ጣሳ ይዛ ትንሽ የዘገየች ትመስላለች፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ያቺን መዘግየት አዩዋት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት አንድ ቀን ጧት፣ ጓሮ ውስጥ ውኃ ልትጠጣ ጣሳውን ከፍ እንዳደረገች።

«ምንም፣ እማማ።»

«ምንም የማይጠብቅ ሰው እንዲህ አይገተርም። ውኃው ውስጥ ምን ታየሽ?»

«ትንኝ የገባበት መስሎኝ ነው።»

«ትንኝ! ትናንትም ትንኝ፣ ከትናንት ወዲያም ትንኝ። እዚህ ቤት ካንቺ በቀር ትንኝ የሚታየው ሰው የለም።»

እታገኝ ውኃውን ጠጣችው። አልባረከችውም። 

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቷ ይከታተሏት ጀመር። ሽንኩርት ልትልጥ ቢላዋ ስታነሳ በር ላይ ናቸው። እጇን ስትታጠብ ከኋላዋ ናቸው። ከእንቅልፏ ነቅታ ከምድር ላይ ስትነሳ፣ ወደ አዋሳ በሚወጣው መንገድ በኩል፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ፊቷን መልሳ ጥቂት ስትቆም፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ፋሲካ መጣና በግ ታረደ። እታገኝ ሥጋ አይስማማኝም ብላ ሽሮ በላች። እሷ በኦሪቱ ሥርዓት ካልታረደ አትበላም።

«በፋሲካ ሽሮ!» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለልጃቸው ለየሺሃረግ። የሺሃረግ ይርጋጨፌ ነው ያገባችው፤ ለበዓል መጥታ ነበር። «አይተሻል? ባርብ አትጾም፣ በፍስክ አትበላ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሳ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ምድጃ አትነካም፤ ሆዴን አመመኝ ትላለች። በየሳምንቱ፣ ቀን ጠብቆ የሚያም ሆድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የሺሃረግ ጉልበተኛና ለነገር ፈጣን ሴት ነች። «ጴንጤ ናት እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች» አለች፣ አጥንቱን እየጋጠች። እታገኝ ሳህን አጠገባቸው እያጠበች ነበር፤ እንደሌለች ነው የሚያወሩት። «የኛ አገር ጴንጤዎችም ቆመው ነው የሚያልጎመጉሙት።»

በዚያ ዓመት በጌዴኦ አውራጃ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤቶች ታሽገዋል። ሰዎቹ በየቤቱ ተደብቀው ሲዘምሩ እየተያዙ ይታሰሩ ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቀበሌውን አጥብቀው ቢጠሉም፣ ይህ ነገር ከተነሳ በኋላ ስብሰባ መቅረት ተዉ።

እታገኝን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት መታየቷ አልነበረም። መታየቱን ትችለው ነበር። ያስጨነቃት ልቧ ነው። ቆማ ስትጠራው የሚመጣው ተቆጥቶ ነበር። ውኃውን ላመሰግን ስትል የአማቷን ነጠላ ጫማ ኮሽታ ትሰማለች፣ ያን ጊዜ ምስጋናው ሄዶ እርግማን አፏ ላይ ይመጣል። ምነው ይህችን አሮጊት ምድር በዋጠልኝ ትላለች። ከዚያ እንደገና ትቆማለች፣ እንደገና ትጠራዋለች፣ እንደገና ተቆጥቶ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሽንኩርቱ ሳይላጥ ረፋድ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ጧት ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳለች ጠመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በሩን ገፍተው ገቡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በጣታቸው አሳዩዋቸው እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። እታገኝ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መኪያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየቻቸውና፣ «የወታደር ሚስት ነው የምታስሩት? ደግ፣ ደግ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው የተወረሰ የቡና መጋዘን ነው። ወለሉ ላይ አሁንም ገለባ አለ። ውስጡ በጸሎት ላይ የተያዙ የጌዴኦ ሴቶች ነበሩ፤ ጉልበታቸውን አቅፈው ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል። ጸሐይ የምትባል ቡና ለቃሚ ተነስታ ስፍራ ለቀቀችላት። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው።

«እህቴ፣ አንቺም ስለ ጌታ ብሎ ነው የታሰረው?»

«አማቴ ከስሰውኝ ነው» አለች እታገኝ።

«የኔም ወንድሜ ነው የከሰሰው። አይዞሽ። ጌታ ያያል።» ጸሐይ ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ሰጠቻት። እታገኝ ቆሎውን በመዳፏ ይዛ እንደ ልማዷ ቆየች። እዚህ ከኋላዋ የሚቆም የለም። ልቧ መጣ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አመሰገነችና በላች። ጸሐይ ይህን አይታ ፊቷ በራ፤ ለሌሎቹ በጌዴኦኛ ነገረቻቸው፤ ሁሉም ሳቁላት። ዲላ ከገባች ሰው እንዲህ ሲስቅላት የመጀመሪያዋ ነው።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሊጸልዩ ተያያዙ። ጸሐይ እጇን ዘረጋችላት። «ነይ፣ በኢየሱስ ስም እንጸልይ።»

እታገኝ እጇን አልሰጠችም። «እኔ በዚያ ስም አልጸልይም» አለች።

«ታዲያ በማን ስም ነው ቅድም የጸለይሽ?»

«በእስራኤል አምላክ።»

ጸሐይ ጥቂት አሰበች። «እሱም ያው ነው። ልጁን ካልተቀበልሽ ግን አባቱን እንዴት ታገኛለሽ?»

 ጸሐይ እጇን ሰብስባ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። አልተቆጡም፤ ግን ከዚያ በኋላ በጌዴኦኛ ብቻ ነው የተነጋገሩት። ከመካከላቸው አንዷ፣ የሚሰበሰቡበትን ቤት ለማወቅ ቀበሌው የሰደዳት ሰላይ ሳትሆን አትቀርም ያለች መሰላት፣ ሁሉም ዘወር ብለው አዩዋት። ቆሎ የሰጣት ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ጓድ ገሪማ አስጠራት። ገሪማ ዱሮ መምህር ነበር፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ሻይ አለ።

«ጴንጤ ነሽ ተብለሻል።»

«አይደለሁም።»

«ይህማ በቀላሉ ይታያል። ግራ እጅሽን አንሺና ‹ከሁሉም በላይ አብዮቱ› በይ። ጴንጤ ይህን አይልም። ካልሽ ትሄጃለሽ።»

እታገኝ ግራ እጇን አነሳች። አፏን ከፈተች። አንድ ጊዜ ብላው ብትሄድ ማንም አይጎዳም፤ ቃል ነው፣ በየስብሰባው ሺህ ሰው የሚለው። ነገር ግን ስንት ዓመት ሙሉ ከቃል በፊት መቆም የለመደ ሰው፣ አሁንም ሳያስበው ቆመ። ከሁሉም በላይ የሚለው ላይ ደርሶ ልቧ እንቢ አለ። እጇን አወረደች።

«አልልም።»

«ይኸው። ጴንጤ ነሽ።» ገሪማ እስክሪብቶውን አነሳ። «ሥራ አታስፈቺኝ። ወደ አዋሳ ነው የምልክሽ።»

«ጴንጤ አይደለሁም አልኩ እኮ። ቤተ እስራኤል ነኝ።»

«ምን?»

«ጎንደር ፈላሻ የሚሉን።»

በር ላይ የቆመው ጥበቃ ወደ ኋላ አለ። የጠመንጃው ሰደፍ በሩን ሲመታ ተሰማ። ገሪማ ጠባቂውን በንቀት አየው። «ምን ትንቦቀቦቃለህ? ቡዳ የሚባል ነገር የለም። የገዢ መደቦች የፈጠሩት ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው። በጥናት ክበብ ስንት ጊዜ ነው ያየነው?» እንዲህ እያለ በግራ እጁ የሻዩን ብርጭቆ ከፊቷ ቀስ አድርጎ ወሰደና ከፋይሉ ኋላ አስቀመጠው።

እታገኝ አየችው። እሱም እንዳየችው አወቀ፤ ጆሮው ቀላ።

«ስለ ፈላሻ መመሪያ አልወረደልኝም» አለ በመጨረሻ። «ሂጂ። ሁለተኛ ስምሽ እዚህ እንዳይነሳ።»

ቤት ከመድረሷ በፊት ወሬው ደርሷል። ጥበቃው እግሩ ፈጣን ነበር። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ከፊቷ ነጥቃ ቀሚሷ ሥር ደበቀችው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጴንጤ ብለው ሲከሷት አልፈሯትም ነበር። አሁን ግን ወደ ውስጥ አፈገፈጉ።

«ልጄን አታለሽ ነው ያገባሽው» አሉ ከሩቅ። «ቡዳ ቤቴ አስገባብኝ። ስንት ጊዜ እንጀራዬን አይተሽዋል! ስንት ጊዜ ውኃዬን!»

«እማማ፣ እኔ ሰው አልጎዳሁም።»

«አትጥሪኝ! ስሜን አትጥሪ!»

ይሁን እንጂ አላባረሯትም፤ ማባረሩንም ፈሩት። ከዚያን ቀን ወዲያ ምግባቸውን ተሸፍነው ይበላሉ። ማሰሮውን በጨርቅ ያስራሉ። አንገታቸው ላይ ክታብ አንጠለጠሉ፤ ቤቱን ጧትና ማታ በጤና አዳም ያጥኑታል። እሷ ስትገባ ይወጣሉ፣ ስትወጣ ይገባሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል።

እታገኝ ደግሞ ነጻ ወጣች። ሌላ ስም ልትሰጠው አልቻለችም። በጠራራ ፀሐይ ጓሮው መካከል ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሰሜን መልሳ፣ ድምጿን አውጥታ ትጸልያለች፤ የሚጠጋት የለም። ጣሳውን ይዛ የፈለገችውን ያህል ትቆያለች። ቅዳሜን ሆዴን ሳትል ታከብራለች። የማንም ኮሽታ ከኋላዋ የለም። አሁን በሙሉ ልብ መጸለይ ይቻለኛል አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቷ ምድጃው ላይ ምስር ሲያማስሉ፣ እታገኝ በሩ ጋ መጣች። ድስቱ ክዳን የለውም። ልትመለስ ትችል ነበር። አልተመለሰችም። ድስቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሆነ ብላ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ክዳኑን ፈልገው አጡት፤ ተደናብረው በነጠላቸው ሸፈኑት፤ ነጠላው ወጡ ውስጥ ገባ። ምስሩን እንዳለ ጓሮ ወስደው ደፉት፤ ያን ቀን ጾማቸውን ዋሉ።

እታገኝን ደስ አላት። በዚያ ቤት ከልቧ ደስ ሲላት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ፀሐይ ስትገባ ለምስጋና ቆመች። ልቧን ብትጠራው አልመጣም። ቆየች፣ ጠበቀች። ልቧ ድስቱ ጋ ተጎልቶ የሴትዮዋን ድንጋጤ እያየ ይስቃል። ሳታመሰግን ገብታ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አሮጊቷ ከኋላዋ ቆመው ሲጠብቋት እንኳ እንዲህ ባዶ ሆና አታውቅም።

ሰኔ ሲገባ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ታመሙ። ጧት ይንቀጠቀጣሉ፣ ከሰዓት ይተኩሳሉ። እታገኝ በር ላይ ሆና፣ «ወባ ይመስላል፣ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት» አለቻቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ተሸፈኑ። በሦስተኛው ቀን የሺሃረግ ከይርጋጨፌ መጣች። ጎረቤቶችም ተከትለዋት ገቡ፤ ቤቱም ጓሮውም ሞላ።

የሺሃረግ እታገኝን ከምድጃው አጠገብ ክንዷን ይዛ ጎትታ የእናቷ አልጋ ፊት አቆመቻት።

«ትፊባት።»

ቡዳ የበላውን ሰው የሚያድነው የዚያው የቡዳው ምራቅ ነው ይላሉ። እታገኝ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። መንደሯ ድረስ የታመመ ልጅ ተሸክመው የሚመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አባቷ አንድም ቀን ተፍተው አያውቁም፤ ለዚህም ተደብድበዋል።

«እኔ አልበላኋቸውም። ወባ ነው። እንውሰዳቸው።»

«ትፊባት አልኩሽ!» የሺሃረግ በጥፊ መታቻት። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ጠጉሯን፣ ጠጉሯን ያዣት» አለ። ሌላዋ፣ «ካልተፋች አትለቅም» አለች።

ከአልጋው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ትፊልኝ» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት ብቻ ነው። «ትፊልኝ፣ ልጄ። ምን አደርግልሻለሁ፣ ቤቱን ውሰጂ። ልቀቂኝ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም። እታገኝ የተመታ ጉንጯን ይዛ ቆመች። ሁሉም እየጠበቋት ስለሆነ ለመቆም ጊዜ ነበራት። ብትተፋ ይህች ሴት በእርግጥ ይቀላት ይሆናል፤ በፍርሃት የታመመ በእምነት ይነሳል። ግን ከዚያ ወዲያ እታገኝ ሰው የምትበላ ሴት ነች፣ ራሷ የመሰከረች። ይህም ብቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የሚሏትን አላደረገችም፤ ነገር ግን ተመኝታው ነበር። ምድር ይዋጣቸው ብላለች፣ ስንት ጧት። ምስራቸው ሲደፋ ስቃለች። ይህን ስታየው ሐፍረት ፊቷን ከጥፊው ይልቅ አቃጠላት። እዚያው ቆማ ሳለች ልቧ ከሄደበት መጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ መጣ።

«አልተፋም» አለች። «የምችለውን ግን አደርጋለሁ።»

ውኃ ቀዳች። እጇን ታጠበች። ፊቷን ወደ ሰሜን መልሳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አባቷ ለበሽተኛ ሲሉት የሰማችውን በግዕዝ፣ ጮክ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትዘል ጸለየች። ይትባረክ ስትል የማንጠግቦሽን ስም አስገባች። ማረን ለማለት ተሣሃለነ ስትል ለእሳቸውም ለራሷም አለችው። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው የለም፤ ፈርተዋል። እሷ ግን አላየቻቸውም። ሴትዮዋ እንዲድኑ ፈለገች። እንዲወዷት አልፈለገችም፣ እንዲያፍሩም አልፈለገችም፤ እንዲድኑ ብቻ። ከጎንደር ከወጣች እንዲህ ጸልያ አታውቅም።

ስትጨርስ መጀመሪያ የተናገሩት በሽተኛዋ ናቸው።

«ይሄማ የኛ ግዕዝ ነው» አሉ፣ ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየታገሉ። «ከቤተ ክርስቲያን ሰርቃው ነው። የሺ፣ ሰማሽ? ጸሎታችንንም በልታዋለች!»

ቤቱ ተናወጠ። የሺሃረግ ከግድግዳው የመቶ አለቃውን ከዘራ አወረደች። እታገኝ ትከሻዋንና ጀርባዋን ተመታ ወደ ጓሮ ሸሸች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መኪያ ግቢ ውስጥ ወደቀች። መኪያ ጤፍ እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠችና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ገደልሻቸው ነው የሚሉት?»

«ወባ ነው። አልሰማ አሉኝ። ጤና ጣቢያ ካልሄዱ ይሞታሉ።»

«እና ቢሞቱ? ለኔ በሕይወታቸው ሰላምታ ሰጥተውኝ አያውቁም።»

«መኪያ፣ እባክሽ።»

መኪያ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወንድሟን ነዚፍን ጠራችው፤ ነዚፍ ላንድሮቨር አለው፣ ቡና ይጭንበታል። «ሂድና ያቺን አሮጊት ጫናት» አለችው። «ከቀበሌ ታዘዝኩ በል፤ እሱን ካልሰሙ አይሰሙህም።»

ነዚፍ እንደተባለው አደረገ። ወባ ነበር። መርፌ ተወጉ፣ ክኒን ዋጡ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተነሱ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ለጠየቃቸው ሁሉ የዳኑት በጠበል ነው ይላሉ፤ ጠበል ያስጠጣቻቸው የሺሃረግ ናት። የሺሃረግ ደግሞ በከዘራው ነው ትላለች፤ ቡዳ ሲደበደብ ይለቃል። መርፌውን ያነሳ ሰው የለም።

እታገኝ መኪያ ጓሮ ባለች ክፍል ደባል ሆና ገባች። መኪያ ስታስገባት ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ያንቺን ስግደት አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። እኔ ቤት አረቄና አሳማ አይገባም።»

«ሁለቱንም አልቀምስም።»

«አህ። እንግዲያው ከነሱ ትሻያለሽ። ዓርብ ነዚፍ መስጊድ ሲሄድ ሱቁን ትጠብቂያለሽ። ደንበኛ ካንቺ አልገዛም ካለ ጥሪኝ፣ እኔ እሰድበዋለሁ።»

ደንበኛም አልገዛም አለ። መኪያም ሰደበች። እታገኝ በቀሩት የሥራ ቀናት መጋዘን ውስጥ ቡና ለቀማ ትሄዳለች፤ ከሴቶቹ ተለይታ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፣ ከጎኗ ያለው ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ከከረጢቱ እፍኝ ባወጣች ቁጥር ትንሽ ትቆማለች። አለቃው መጀመሪያ ይጮህባት ነበር፤ በኋላ ተወ።

ደመላሽ የፈቃድ ጊዜ አግኝቶ በጥቅምት መጣ። መጀመሪያ እናቱ ቤት አደረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመኪያን የጓሮ በር አንኳኳ። ከስቷል፣ ፀሐይ አክስሎታል። እታገኝ ስታየው አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱም አቀፋት። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ያለፈ መሰላት።

«ወደ ቤት እንሂድ» አላት።

«እናትህ ያስገቡኛል?»

«አናግሬያታለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትለው።» ቤቱን ዙሪያውን እያየ ተናገረ እንጂ እሷን አላያትም። «ቄስ ትጠራለች፣ ክርስትና ትነሺያለሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዴ ትተፊላታለሽ። አሁንም ሌሊት ሌሊት ያፍናታል። ስትተፊላት ይለቃታል።»

እታገኝ የሰማችውን አላመነችም። «አንተም እበላለሁ ብለህ ታምናለህ?»

«እኔ አላምንም። አንቺን አውቅሻለሁ አይደል እንዴ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ድረስ የሆነው ሁሉ እኮ ለአንዲት ምራቅ ነው። አንዴ እንትፍ ብትያት ምን ነበረበት? ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

«እኔ ምንህ ነኝ?»

«ሚስቴ ነሽ።»

«ሚስትህን ሰው በላ ነኝ ብላ በአደባባይ እንድትመሰክር ነው የምትጠይቃት?»

«ነገሩን አታክብጂው። እዚያ ሰው እየሞተ ነው፣ እታገኝ። እኔ ከሞት ነው የመጣሁት። እናንተን በሰላም አግኝቼ ልመለስ ነው የፈለግኩት። ይህን እንኳ ታከብጂብኛለሽ?»

 መቆጣት ፈለገች፣ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣላት ድካም ነው። ሰውየው ፊቷ ተቀምጦ ቦት ጫማውን እያየ መልስ ይጠብቃል፤ እሺ ብትለው ዛሬ ማታ ባሏ ጎን ታድራለች።

«አልተፋም» አለች። «ክርስትናም አልነሳም። እናትህ የሚታመሙ ከሆነ ላጥብላቸው፣ ልሸከማቸው፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ልሂድ። ያንን ንገራቸው። ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።»

«እሷ እንድትነኪያት አትፈልግም።»

«እንግዲህ።»

ተነሳ። በሩን ከፍቶ ወጣ። በአጥሩ ማዶ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማ፤ «መጣህ? እሺ አለች?» ይላሉ። ደመላሽ የሰጣቸውን መልስ እታገኝ አልሰማችውም። እሳቸው ግን ወዲያው መርገም ጀመሩ፤ ረጅም፣ የለመዱት እርግማን፣ ከአባቷ ጀምሮ ወደፊት እስከምትወልደው የሚሄድ።

ደመላሽ ፈቃዱ ሳያልቅ የአዋሳውን አውቶቡስ ይዞ ሄደ። አልተሰናበታትም። መኪያ ናት መናኸሪያ አይታው የነገረቻት፤ ስትነግራትም ጤፍ ከመስፈር እጇን አላቆመችም።

«ይመለስልሻል ወይስ ጨርሶ ሄደ?» አለች።

«ሄደ።»

«በይ እንግዲህ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጀንበር ሳትገባ ምጣድሽን ጨርሺ። ነገ ምድጃ እንደማትነኪ አውቃለሁ፣ ኋላ ጾሜን አደርኩ ብለሽ እንዳትለቃቅሺብኝ።»

እታገኝ ገብታ እሳት አያያዘች። ክብሪቱን ከመጫሯ በፊት ቆመች። ደመላሽ በልቧ ውስጥ ነበር፣ ቦት ጫማውን እያየ። አላባረረችውም። እንዳለ ተወችውና ክብሪቱን ጫረች፤ ለነገ የሚሆነውን ዳቦ ጣደች።